ሦስት በአራት ሣር

ሣር በራሱ ይበቅላል እንጂ ሰው ያበቅለዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አጥር ሥር፣ ጣሪያ ላይ፣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠራው የሚመጣ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከልብስ ማጠቢያችን የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለው ደፋር ፍጥረት፣ እኔ በክብር ስጠራው፣ አፈር አለስልሼ ውሃ ተሸክሜ ስለምነው፣ ወራት ሙሉ እንዴት እንደተጫወተብኝ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ሥራዬን ልናገር። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጊዮርጊስ አካባቢ ሁለት ወንበር ያላት ጠባብ ቤት አለችኝ። ይህን የምላችሁ ደንበኛ ለማብዛት አይደለም፤ ቆይቼ የማወራውን ጥፋት ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው እንዴ?» እንዳትሉ ብዬ ነው።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው፤ ከሱቄ የአምስት ደቂቃ መንገድ፣ ዙሪያው ሁሉ ፈርሶ እሱ በቀረ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ። አባዬ ሰማንያ ሊደፍን ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ነበር፣ ያውም በእግሩ። ከአራት ኪሎ ለገሀር፣ ከለገሀር መርካቶ፣ ፀሐይም ዝናብም አይመልሰውም። ታክሲ የሚሳፈር ጤነኛ ሰው ሲያይ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ከልቡ ያዝናል።

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ በገና ሰሞን ከበራችን ፊት ለፊት ያለው የግቢው ድንጋይ አዳልጦት የወደቀው። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ ራጅ ተነሣ፣ አጥንቱ ደኅና ነው ተባለ። ደስ ብሎኝ ይዤው ገባሁ። እሱ ግን አልጋው ላይ ወጣና አልወርድም አለ።

«አባዬ፣ አጥንትህ ደኅና ነው ተብሏል እኮ» አልኩት።

«አጥንቴማ ደኅና ነው። እኔ ነኝ ደኅና ያልሆንኩት።»

«በየቀኑ ትንሽ ተራመድ ነው የተባልከው።»

«እኔ ድርሻዬን ተራምጃለሁ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። «የቀረውን አንተ ተራመድልኝ።»

በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች እግሩን የምታሠራው ሲስተር እሌኒ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። አልጋው ላይ እንዳለ እግሩን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ቁም ስትለው ግን «ነገ» ይላል። እሷ የምትመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ነገ ማለት አያስቸግረውም። አንድ ቀን ስሸኛት በሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ እንደተኛ ከቀጠለ እስከ ክረምት ጡንቻው ይከዳዋል። ያን ጊዜ ልነሣ ቢልም አይችልም» አለችኝ። «ድንጋዩን ነው የፈራው። ለስላሳ ነገር ላይ በባዶ እግሩ ቢጀምር ፍርሃቱ ይለቀው ነበር።»

የዚያኑ ቀን ፍራሽ አወጣሁና ወለሉ ላይ ዘረጋሁለት። አባዬ ከላይ ሆኖ አየው። «ፍራሽ የሚተኛበት ነው» አለና ተኛ።

ስነዘንዘው፣ ስነዘንዘው፣ በመስኮት ወደ ግቢው ጠጠር እየጠቆመ፣ «እሺ በቃ! እዚያ ጋ ሣር አብቅልልኝና እነሣለሁ» አለኝ። ሲናገር ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ ነበረች። እኛ ግቢ ውስጥ ከልብስ ማስጫ ሽቦ በቀር ምንም በቅሎ እንደማያውቅ ያውቃላ! አፌን የዘጋኝ መስሎታል።

እልህ ያዘኝ። እልህ እኔን ሲይዘኝ ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም የሚይዘኝ፤ እንቅልፍ ይነሣኛል፣ ምግብ ይዘጋኛል። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወረድኩና የአትክልት ዘር የሚሸጥበት ቤት ገባሁ። ሻጯ ወፍራም መነጽር ያደረገች ቁጡ ልጅ ናት።

«የሣር ዘር ፈልጌ ነበር።»

«የትኛውን?»

«አረንጓዴውን።»

መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ። «የት ነው የምትዘራው?»

«ጊዮርጊስ።»

«ሰፈርህን አልጠየቅኩህም! ፀሐይ ያገኘዋል ወይ?»

«እስከ ስድስት ሰዓት ጥላ ነው፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይ።»

ሁለት ዓይነት እንዳለ አስረዳችኝ። አንደኛው ሙቀት ወዳድ ነው፣ ቅጠሉ ሻካራ፣ ሁሉን ቻይ። ሁለተኛው ብርድ ወዳድ ነው፣ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ለባዶ እግር የሚመች። «የእኛ አገር አየር ይስማማዋል፤ ግን ውሃ ካላገኘ ያኮርፋል፣ ሙቀት ሲበዛ ይተኛል፣ አላግባብ ከነካኸው ይቆጣል» አለችኝ። አባዬን በዘር መልክ በከረጢት አድርጋ የሰጠችኝ መሰለኝ። ወሰድኩት።

እየወጣሁ ከኋላዬ መመሪያውን አዘነበችው፦ አንድ ስንዝር ቆፍር፣ ድንጋዩን ልቀም፣ በስሱ ዝራ፣ በጣውላ ጠቅጠቅ አድርገው፣ እስኪበቅል አፈሩ አይድረቅ፣ ሲያድግ ደግሞ ከሲሶው በላይ እንዳትቆርጥ! እኔም ደንበኞቼ «ከጎኑ ላሳጥረው?» ስላቸው እንደሚነቀንቁት፣ ሳልሰማ ራሴን ነቀነቅኩ።

የቀረኝ የእትዬ አስካለ ፈቃድ ነበር። እትዬ አስካለ የግቢያችን ሌላዋ ነዋሪ ናቸው። ያ ጠጠር የሁለታችን ነው፤ የልብስ ማስጫ ሽቦው ግን የእሳቸው ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ከሽቦዎ ሥር ልቆፍር ነበር።»

«ምን ልትቀብር?»

«ሣር ልዘራ ነው።»

«ሣር? በግ ነህ እንዴ? ጎመን አትዘራም!»

«አባዬ እንዲራመድበት ነው።»

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «ለጋሽ ተፈራ ከሆነማ ቆፍር። ግን ልብሴን አቧራ ቢነካው እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

ቦታው ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ስትሰሙት ትንሽ ይመስላል። ስትቆፍሩት ግን አገር ያክላል። ከሥሩ ያልወጣ ነገር የለም፤ የጫማ ሶል፣ የመብራት ስባሪ፣ እጀታ የሌለው ማንኪያ፣ የአንድ ትልቅ ጀበና ግማሽ አካል፣ ቁልፍ ብቻ ሰባት። የምን ቁልፍ እንደሆኑ እንጃ፤ በሮቹ ግን የሉም። በሦስተኛው ቀን መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ሱቅ ገባሁ። አንድ የቆየ ደንበኛዬ ፂሙን ላነሣለት ምላጩን ሳቀርብ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል አየ።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«ሣር እየዘራሁ ነው።»

«ፂሜ ለነገ ይደር» ብሎ ወረደ።

በየካቲት መጀመሪያ ቅዳሜ ቀን ዘራሁ። እሑድ ጠዋት የጊዮርጊስ እርግቦች እኛ ግቢ ነበሩ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ቅዳሴ ሳይወጣ ግማሹን ዘር ለቅመው ጨረሱት። አባዬ በመስኮት እያየ፣ «ጾም ሳይገባ ይብሉ፤ ተዋቸው» ይለኛል።

ድጋሚ ገዛሁ፣ ድጋሚ ዘራሁ። አሁን ግን ብልህ ሆኛለሁ፤ ሱቅ ደንበኛ አንገት ላይ የማስራቸውን ነጫጭ ጨርቆች አምጥቼ ከላይ አለበስኩትና ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫንኩበት። በማግስቱ ማለዳ እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሲወጡ፣ እኛ በር ፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ረዘም ያለ፣ መሐሉ ከፍ ያለ ነገር ያያሉ።

«ወይኔ ጋሽ ተፈራ!» ብለው ጮኹ። «ሰው ሳይሰማ! ሰው ሳያለቅስልዎ!»

ከአልጋዬ ዘልዬ ወጣሁ። ከኔ በፊት ግን የአባዬ ድምፅ በመስኮት ወጣ፦ «አስካለ፣ እኔ እዚህ ነኝ! እሱ ሣሩ ነው!»

ከወደቀ ጀምሮ አባዬ ሲስቅ ስሰማ ያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር። አልጋው ሲንቀጠቀጥ ውጭ ድረስ ይሰማል።

ውሃ በሰፈራችን የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ሣሩ ይህን አልተነገረውም። በርሜሉ ሲያልቅ ከሱቅ በጀሪካን እየተሸከምኩ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በወንፊት እያንጠባጠብኩ አጠጣሁት። በአሥራ አንደኛው ቀን ጨርቁን ገለጥ ሳደርግ አረንጓዴ ነገር አየሁ። ጎረምሳ መጀመሪያ የሚያወጣት የላይኛው ከንፈር ፂም አለች አይደል? ካልቀረቧት የማትታይ? ልክ እሷን! ተንበርክኬ ስቆጥር ደንበኛ አስጠብቄ ቀረሁ።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ ደግ ነበር። ግን አንድ ሌላ ደንበኛዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሰው ፀጉር የመሰለ ማዳበሪያ የለም ብሎ አስተማረኝ። እኔ ደግሞ ፀጉር ምን ቸገረኝ! የሳምንቱን ሁሉ በጆንያ ተሸክሜ ሄጄ በተንኩት። በማግስቱ ነፋስ ነፈሰ። የእትዬ አስካለ ነጭ አንሶላዎችና ነጠላ ሽቦው ላይ ነበሩ፣ ያውም እርጥብ።

«ነጠላዬ ፂም አወጣ!» የሚል ድምፅ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አንሶላዎቹን እኔ አጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ። ፀጉሩንም ከሣሩ መሐል በጣቴ ስለቅም ዋልኩ። አባዬ መስኮቱ ላይ ክርኑን አስደግፎ፣ «ምስኪን፣ ሳያድግ ሸበተ» አለ።

መስኮቱ ላይ ክርኑን አስደግፎ አልኩ አይደል? ያን ሰሞን ልብ ያላልኩት እሱን ነው። ለካ ተነሥቶ መቀመጥ ጀምሯል። ቀስ በቀስ ወንበር አምጣልኝ፣ ወንበሩን ወደ በሩ ጠጋ አድርግልኝ ማለት መጣ። እኔ ብብቱን ይዤ ሁለት እርምጃ አሻግሬ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራው ማዘዝ ብቻ ነው። «የግራው ጥግ ውሃ አልደረሰውም። በስተቀኝ ተረማመድክበት መሰለኝ።»

ሣሩ ጣት ሲያክል የመጀመሪያው ቆረጣ ደረሰ። ማጭድ አልያዝኩም፤ የለመድኩትን በእጅ የሚሠራ አሮጌ የፀጉር ቶንዶስ ይዤ ተንበረከክኩ። በደንብ ነው የጀመርኩት፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ። ግን ቀና ስል ቀኙ ከግራው ረዘመብኝ። ቀኙን ቀነስኩ፤ ግራው በለጠ። ግራውን ቀነስኩ። ይህን በሽታ የሙያ ጓደኞቼ ያውቁታል። ስጨርስ ሣሩ ዜሮ ሆኗል። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ።

ዘር ሻጯ ጋ ሮጬ ሄድኩ።

«ሲሶ አላልኩህም?» አለችኝ።

«ግራና ቀኙ እኩል አልመጣልኝ አለ።»

«ሣር ግራና ቀኝ አለው?!»

ጥላ ሥራለት፣ ውሃ ሳታቋርጥ ስጠው፣ እጅህን ደግሞ ሰብስብ ተባልኩ። ጥላ ሠራሁለት፣ ውሃውን አላቋረጥኩም፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሣሩ ተመለሰ፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ እጅ ሲያሳልፉበት የሚያቀዘቅዝ፣ የሚያምር ሣር! ከደስታዬ ብዛት ካልሲዬን አውልቄ አንድ ጊዜ ቆምኩበትና ወደ አባዬ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ በቃ አበቀልኩልህ። ተነሥ!»

አባዬ ወንበሩ ላይ እንዳለ ሣሩን ለረጅም ጊዜ አየው። «አበቀልክ» አለ። «እውነትም አበቀልክ። ግን ጨቅላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይረገጣል?»

«ቃል ገብተህልኛል እኮ!»

«ይጠንክርና።»

ሰው አባቱን መቆጣት አይችልም፤ እኔ ግን ያን ቀን ጫፉ ላይ ደርሼ ነበር። ሲስተር እሌኒ ጭኑን ለክታ ከባለፈው ወር ቀጥኗል ካለችኝ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ወጥቼ የሣሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፈርቷል እንጂ ስለ ሣሩ አይደለም። ፍርሃቱን በምን ውሃ እንደማጠጣው አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ግን ጀሪካኔን አነሣሁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኛ!

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ የፀጉር አስተካካይ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ቢሆንም እኩለ ቀን ላይ ሣሩን ላጠጣ ሹልክ ብዬ መጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት የእትዬ አስካለ የበዓል በግ ገመዱን ፈትቶ ሣሬ መሐል ቆሟል። እየጋጠ ነው። ያውም በጥራት፣ ከሥሩ፣ ግራና ቀኙን እኩል እያደረገ።

አባዬ በሩ ላይ ከወንበሩ ሆኖ «ሂድ! ሂድ አንተ!» ይላል። በጉ ቀና ብሎ አየውና፣ ይሄ የተቀመጠ ሰው ምን ያደርገኛል ብሎ መሰለኝ፣ ቀጠለ።

አባዬ ተነሣ።

ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ከዘራውን እንደ ጦር ወድሮ ተነሣ። ደጃፉን ወረደ። የወደቀበትን ድንጋይ ረግጦ አለፈው። ሣሩ ጠርዝ ሲደርስ ቆመ፤ ሊረግጠው አልቻለም፣ አሳዘነው። ስለዚህ በዳሩ መዞር ጀመረ። እሱ ሲዞር በጉ ወደ መሐል ይሸሻል፣ እየሸሸም ይጎርሳል። አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛውን ጀመረ።

እኔ በሩ ላይ ጀሪካን ይዤ ቆሜያለሁ። በጉ ከእኔ ሁለት ሜትር አይርቅም፤ ቀንዱን መያዝ እችል ነበር። አልያዝኩም። ወራት የለፋሁበት ሣር በአፉ ሲገባ እያየሁ፣ ብላ፣ አባቴ ብላ፣ ትንሽ ቆይ፣ እባክህ አትጥገብ እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

በሦስተኛው ዙር አባዬ አየኝ። «ምን ቆመህ ታያለህ? ያዘው እንጂ!»

«እሺ አባዬ» አልኩና ተራመድኩ፤ በጣም ቀስ ብዬ።

በጩኸቱ እትዬ አስካለ ወጡ። አባዬን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ጋሽ ተፈራ! ቆመዋል!»

«ቆመዋል ነው የምትዪው? በግሽ ምን እያደረገ ነው አትይም!»

እልል አሉ። በጉ ደንግጦ በእግሬ መሐል ሾልኮ ወጣ። አባዬ እግሩን አየ። ከዚያ ዞሮ ወንበሩን አየ፤ ወንበሩ ሩቅ ነበር።

«ማን አመጣኝ?» አለ።

«በጉ» አልኩት።

ልይዘው ስጠጋ ከዘራውን አወዛወዘብኝ። ብቻውን ተመለሰ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ይቅርታ ያሉበት የመሰለኝን ትልቅ ሰሐን የዚያኑ በግ ጥብስ ላኩልን። አባዬ አንዴ ጎርሶ፣ ቀስ ብሎ አኝኮ፣ «ሣራችን ይጣፍጣል» አለ።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ደንበኛ አስቀምጬ የቀኝ ጉንጩን ላጭቼ ወደ ግራው ሳልዞር፣ እትዬ አስካለ ደወሉ። «አባትህ የሉም። ሣሩ የተበላበት ጋ ዘር ልሙላ ብለው ወጡ። ዘወር ስል አጣኋቸው።»

ምላጩን አስቀመጥኩና ወደ ዘር ቤቱ ሮጥኩ። ቸርችልን ቁልቁል እየበረርኩ ያላሰብኩት ክፉ ነገር አልነበረም፤ መኪናው፣ ደረጃው፣ ያ ሁሉ ድንጋይ። አጋማሹ ላይ፣ መንገድ ዳር አዲስ የተተከለው ሣር ጠርዝ ላይ፣ አባዬ ከዘራውን ተመርኩዞ ቆሟል። የገዛው ዘር በከረጢት እጁ ላይ ተንጠልጥሏል። የሣሩ ጥበቃ አጠገቡ ቆሞ፣ «አባቴ፣ ሣሩን እንዳይረግጡ» ይለዋል።

«እኔ?» አለ አባዬ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «እኔ ሣር እረግጣለሁ?»

አስታረቅኳቸው። «ታክሲ ልጥራ» ስለው ፊቱን ወደ ሽቅቡ አዞረ። ከረጢቱን ልያዝልህ ብለው ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረው። ሽቅብ መውጣት ጀመርን። አሥር እርምጃ ተራምዶ ይቆማል። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እሱ ግን ወደ መንገድ ዳሩ ሣር እየጠቆመ፣ «ይሄኛው ቅጠሉ ሰፋ ይላል» ይለኛል።

«አዎ አባዬ።»

«ልብ ብለህ እየው።»

«እያየሁ ነው።»

እስኪተነፍስ ድረስ ልብ ብዬ አያለሁ። ከዚያ ሌላ አሥር እርምጃ። ያን ቀን ያየሁትን ያህል ሣር በዕድሜዬ አላየሁም።

ሱቅ ስንደርስ ደንበኛዬ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ በግራ ጉንጩ ላይ አረፋው ደርቆ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት አባዬን አየና ዘጋው። አባዬ ውሃ ጠጣ፣ ግንባሩን ጠረገ፣ ተነሣ።

«ሰውየውን ጨርስለት። እኔ ወደ ቤት ልሂድ» አለኝ። «እንዳትከተለኝ።»

አልተከተልኩትም። ምላጩን አነሣሁና ፊቴን ወደ መስታወቱ አዞርኩ። በመስታወቱ ውስጥ አባዬ ከበሩ ወጣ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ቆም አለ፣ ግራና ቀኙን አየ፣ አስፋልቱን ገባ። አንድ ሚኒባስ አቁሞ አሳለፈው። ምላጩ በደንበኛዬ ጉንጭ ላይ አረፈ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። እሱም አልተነፈሰም። ሁለታችንም ዘር የያዘው ከረጢት ማዶ ተሻግሮ፣ ጥጉን ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ አየን።

ከዚያ ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «በል አሁን የግራውን» አለኝ።